የሰፈራችን የእግር ድልድይ ሊቀየር ነው፤ ስሙ ግን ካሁኑ አጣልቶናል

ደቻቱ_ዳር (ክሩን የከፈተ)
ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም የድሬ ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ። ያቺን የእግር ድልድይ ታውቋታላችሁ አይደል? ወደ ደቻቱ በሚገባው ደረቅ ወንዝ ላይ የተጋደመችው፣ ሰው ሲያልፍባት እንደ ቆርቆሮ የምትጮኸው። ልትነሳ ነው። በምትኳ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን አዲስ ይሠራል ተብሏል፣ መዋጮም ይሰበሰባል። ትናንት ስብሰባ ነበረን። መጀመሪያ ላይ ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዚያ አንዱ ከኋላ "ስሙስ ማን ይባል?" አለ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ብረት፣ ስለ መብራት፣ ስለ ወጪ ያነሳ ሰው የለም፣ ሁሉም የየራሱን ስም ይዞ ብድግ አለ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ (ሌላ እሺ ያለ ስለጠፋ)። ቅዳሜ እንደገና እንሰበሰባለን። ድልድዩ ምን ዓይነት ይሁን፣ ስሙስ ምን ይሁን? እዚህ ጻፉልኝ፣ አትሜ እወስደዋለሁ። ስድብ አላትምም።

ፔዳል_ብቻ
ሰኞ ማታ 3፡41

ስሙን ተወው አቦ። ደረጃውን አስነሱልን።

እኔ በቀን አራቴ እሻገራታለሁ። በዚህ በኩል 14 ደረጃ፣ በዚያ በኩል 14 ደረጃ። ሳይክሌን ተሸክሜ እወጣለሁ፣ ተሸክሜ እወርዳለሁ፣ ከኋላ ሽንኩርት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሽንኩርቱን አሻግሬ፣ ለማላውቀው ሰው "እያት" ብዬ፣ ተመልሼ ሳይክሉን አመጣለሁ። ድሬ ሜዳ ነች፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሳይክል የሚነዳባት ከተማ ነች፣ እኛ ግን አሥር እርምጃ የማይሞላ ከፍታ ላይ ወርደን እንሸከማለን። አዲሱም በደረጃ ከሆነ መዋጮ አላዋጣም፣ ይህንንም አትምልኝ።

ሳቢያን_ማዶ
ሰኞ ማታ 3፡48

ስሙ ላይ አንድ ልመና አለኝ። የሰላም፣ የአንድነት፣ የልማት፣ የብሩህ ተስፋ ምናምን ድልድይ እንዳትሉት። ሰው ተጠርቶ የት ነህ ሲሉት "ብሩህ ተስፋ ላይ ነኝ፣ ሳንቡሳ እየበላሁ" ሊል ነው? 😂

ሦስት_ጎማ
ሰኞ ማታ 4፡02

እኔ የምለው፣ ለምን ትንሽ አስፍተው ባጃጅ እንዲያልፍበት አያደርጉትም? ዞሮ ለመምጣት እኮ ቤንዚን ነው የሚያልቀው። እግረኛውም እኮ ባጃጅ ነው የሚሳፈረው።

ፔዳል_ብቻ
ሰኞ ማታ 4፡05

ጀመረ! አንተ ካለፍክ እኔ የት ልሂድ፣ አጥሩ ላይ?

ብየዳ_ቤት
ሰኞ ማታ 4፡30

እኔ ያቺን ድልድይ ሁለት ጊዜ በይጃታለሁ፣ ለሁለተኛው እስካሁን አልተከፈለኝም፣ እሱን እንተወው። የማውቀውን ልናገር።

አንደኛ ብሎን። ብሎን ያለበት ነገር እዚህ አይቆይም። ሌሊት ይፈታል፣ ጠዋት ቆራሌው ጋ ይገኛል። አሁን ያለችው የምትጮኸው ለዚህ ነው፣ ላሜራው የተያዘው በግማሽ ብሎን ነው። የሚበየደው ይበየድ፣ የግድ በብሎን መሆን ያለበት ደግሞ ከታሰረ በኋላ ጭንቅላቱ በብየዳ ይነካ።

ሁለተኛ ለስላሳ ላሜራ እንዳታስነጥፉ። ጎርባጣውን ነው። ዝናብ ጠብ ሲል ለስላሳው ላይ የወደቀውን ሰው ቁጥር እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሱቄ ፊት ለፊቱ ነው። ከተቻለ ግን ወለሉ ኮንክሪት ቢሆን እመርጣለሁ። በግንቦት ቀትር ላይ ያንን ብረት በሸበጥ ረግጣችሁታል? እንቁላል ይጠብሳል።

ሦስተኛ፣ ብረት በሙቀት ይረዝማል። እንደ ድልድያችን 18 ሜትር የሆነ ብረት በሌሊቱና በቀኑ መካከል 30 ዲግሪ ልዩነት ካገኘ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቀላል ይመስላል። ሁለቱን ጫፍ ኮንክሪት ውስጥ ቀብረህ ብታስረው ግን ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። አሁን ባለችው ላይ በመጋላ ሰፈር በኩል ያለውን ስንጥቅ ሄዳችሁ እዩ። አንዱ ጫፍ መንሸራተቻ ያስፈልገዋል።

ቀያሽ_ነበርኩ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ብየዳ ቤት የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከታች ልጀምር፣ ከወንዙ። የእኛ ሰው ድልድይ ሲባል የሚያየው ከላይ ያለውን ነው፣ ድልድይ የሚገድለው ግን ከሥር ያለው ነው።

እኛ ወንዝ የምንለው ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያልፍበታል። ከዚያ አንድ ቀን ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ከዋክብት ሞልቶት ሳለ፣ ከደንገጎ በኩል ከተራራው ደራሽ ይመጣል። ሲመጣ ውሃ ብቻ አይደለም። ድንጋይ ይዞ ነው፣ ግንድ ይዞ ነው፣ የሰው በር ይዞ ነው። መሐል ላይ ምሰሶ ካቆማችሁ ያ ሁሉ ግሳንግስ እዚያ ላይ ይጠመጠምና ድልድዩ ግድብ ይሆናል። ውሃው ደግሞ የምሰሶውን ሥር አሸዋ እየላሰ ይወስደዋል። ከላይ ስታየው ምሰሶው ቆሟል። ከሥሩ ምንም የለም። ስለዚህ ምሰሶ መሐል ላይ አይኑር፣ በአንድ ዝርጋታ ይሻገር፣ የሁለቱም ዳር መሠረት ከአሸዋው በታች ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይውረድ፣ ፊቱ በጋቢዮን (በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ) ይታጠር።

አሁን ደረጃው ለምን ኖረ የሚለውን ፔዳል ብቻ ልብ በል። ያስቀመጡት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፣ ጎርፉ ከሥር እንዲያልፍ ወለሉን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። 14 ደረጃ በ16 ሳንቲ ሜትር ብናባዛው 2.24 ሜትር ነው። ይህን ከፍታ ሳይክል እየነዳህ ለመውጣት በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚነሳ ተዳፋት ቢሆን ጥሩ ነው። ያ ማለት በአንድ በኩል 45 ሜትር ገደማ ርዝመት ማለት ነው። ጠበቅ ብናደርገው፣ በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር፣ 27 ሜትር። ከዚያ በላይ ቁልቁል ከሆነ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። በከዚራ ሰፈር በኩል ቦታው አለ። በመጋላ በኩል ግን የሰው አጥር ድረስ 15 ሜትር የለም፣ ስለዚህ መታጠፍ አለበት። ጠቡ መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው፣ ስም ላይ አይደለም። የትኛው አጥር ነው የሚገፋው? የማን ሱቅ ነው የሚነሳው?

ደቻቱ_ዳር
ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

ወይ ጉድ። ዝቅ አድርጎ ሠርቶ ጎርፍ ሲመጣ ከላዩ እንዲያልፍ ማድረግስ? ስብሰባው ላይ አንድ ሰው ርካሽ ነው ብሎ ነበር።

ቀያሽ_ነበርኩ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡52

ለመኪና መንገድ ይሠራል። ለእግረኛ አልመክርም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ነው። በኃይል የሚሄድ ውሃ ጉልበት ድረስ ከደረሰ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ሰው ደግሞ "ትንሽ ነው፣ እሻገራለሁ" ይላል፣ ሁልጊዜ ይላል። ርካሽ የተባለው እሱ ነው።

ነምበር_ዋን_ልጅ
ማክሰኞ ቀን 6፡10

እኔ ስሙ ላይ የምር የሆነ ሐሳብ አለኝ። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው ጩኸቱን ነው። ድሬ ውስጥ ስማቸውን የሚያነሳ መንገድ አላውቅም። ድልድይ እየሠራን፣ ያውም ለጎርፍ ብለን ከፍ አድርገን እየሠራን፣ "ሐምሌ 30 ድልድይ" ብንለው ምን ይላችኋል? በየዓመቱ እዚያ ሻማ እናበራለን።

ሳቢያን_ማዶ
ማክሰኞ ቀን 6፡25

በዚህስ አልቀልድም። ድምፄን ሰጥቻለሁ።

የመጋላ_እናት
ማክሰኞ ከሰዓት 10፡50

ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ ከጥሩ ልብ ነው፣ ተባረኩ። እኔ ግን አልፈልግም። እኔ በዚያ ሌሊት ሁለት ሰው ነው ያጣሁት። የዛሬ ልጆች እንዳይረሱ ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ ለአንድ ቀን ረስቼ ባደርኩ እላለሁ። ቀፊራ ሄጄ ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ የባጃጁ ልጅ "ሐምሌ 30 ወራጅ አለ?" ብሎ ይጠይቀኝ? በቀን ሁለት ጊዜ? ድንጋይ አቁማችሁ ስማቸውን ጻፉ፣ እኔም አበባ ይዤ እመጣለሁ፣ በመጣሁበት ቀን። ድልድዩን ግን ለኑሮ ተዉት።

ሌላው፣ መብራት አትርሱ። እዚህ ከተማ ሰው የሚወጣው ፀሐይ ከገባ በኋላ ነው። ስለ ደረጃው ያወራችሁት ሁሉ ጨለማ ውስጥ ነው የሚሆነው።

ነምበር_ዋን_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 12፡30

እማማ ይቅርታ። ሐሳቤን አንስቻለሁ። ድንጋዩን ግን ቅዳሜ ለብቻው አነሳዋለሁ።

ጁገል_ውስጥ
ማክሰኞ ማታ 2፡15

ከሐረር ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ድሬዎች አንድ ስም ካልተስማማን ድልድይ አይሠራም የምትሉት ያስቀኛል ወላሂ። እኛ ጋ በጁገል ግንብ አንድ በር ሁለት ሦስት ስም አለው። አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይላል፣ ሐረሪው አስመዲን በሪ ይላል። ፈላና በር አሱም በሪ ነው። ቡዳ በር በድሪ በሪ ነው። ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል፣ በስሙ ምክንያት የተዘጋ በር የለም፣ አህያዋም ታልፋለች ሙሽራውም ያልፋል። እናንተ ጋ ኦሮምኛ አለ፣ ሶማልኛ አለ፣ አማርኛ አለ፣ ሐረሪ አለ። ሁሉም በየአፉ ይጥራው። ታፔላ ላይ ለመጻፍ ነው የተጨነቃችሁት? ታፔላው ባይኖርስ?

ባቡር_ጣቢያ
ማክሰኞ ማታ 2፡40

ጁገል ውስጥ እውነቱን ነው፣ እንዲያውም ማስረጃው ራሷ ከተማችን ነች። ባቡሩ ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳው ላይ ቆመ። የተቆረቆረችው ከተማ በወግ የተሰጣት ስም "አዲስ ሐረር" ነበር። ማን ይጠራት ነበር በዚያ ስም? ማንም። ሕዝቡ ድሬዳዋ አለ፣ ድሬዳዋ ሆነች። የድሬዳዋን ትርጉም ራሱ ብትጠይቁ ኦሮምኛ ተናጋሪው የመድኃኒት ሜዳ ነው ይላችኋል፣ ሶማሌው ዲር የተባለው አባት ጦሩን የተከለበት ነው ይላችኋል። ሁለቱም እዚሁ ነው የሚኖሩት፣ አንድ ሻይ ቤት።

አዲስ አበባም ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። ማን ነው ኮሚቴ ሰብስቦ "ሰፈራችንን ሰባራ ባቡር እንበለው" ያለው? ማሽኑ ተበላሽቶ ቆመ፣ ሰው አየ፣ ጠራ። የእኛን የታይዋን ገበያስ ማን ሰየመው? ዕቃው ነው። ስለዚህ ደቻቱ ዳር፣ ቅዳሜ ቃለ ጉባኤ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ የባጃጅ ልጆች የሚጠሩትን ነው የምንጠራው።

ሦስት_ጎማ
ማክሰኞ ማታ 2፡44

እየሰማችሁ ነው? የስም ሥልጣን እኛ ጋ ነው 😎 እኛ ደግሞ ካሁኑ ስም አለን። "ሳንቡሳ" ነው የምንላት። ከሥሯ የምትጠብሰው ልጅ ስላለች። "ሳንቡሳ ወራጅ!" ካልኩ ሰው ይወርዳል። ሌላ ካልኩ ዝም ብሎ ያየኛል።

ሳቢያን_ማዶ
ማክሰኞ ማታ 2፡50

ለካ እኔ ሳላውቅ ትንቢት ተናግሬያለሁ።

ፔዳል_ብቻ
ማክሰኞ ማታ 3፡05

ሳንቡሳም ይሁን ሙሸበክ ግድ የለኝም። ስፋቱስ? ሁለት ሳይክል ከተገናኘን አንዳችን አሁን ወደ ኋላ ነው የምንመለሰው። እንደ በግ።

ቀያሽ_ነበርኩ
ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ስፋት ከአጥር እስከ አጥር 3 ሜትር ጠይቁ። 2.5 ከሆነ ተቻቻሉ፣ ከዚያ በታች ከሆነ አትፈርሙ። የጎን መከላከያው ለእግረኛ 1.1 ሜትር ይበቃል፣ ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከፍ ስለሚል ከላዩ ይገለበጣል፣ ለሱ 1.4 ሜትር ነው። የአጥሩ ብረት የሳይክል መሪ እንዳይዝ ለስላሳ ዘንግ በጎን ይሂድበት።

ክብደቱን በተመለከተ ደግሞ "የእግር ስለሆነ ቀላል ነው" የሚል ሰው ይመጣል። እንዳትሰሙት። ድልድይ የሚሰላው ሰው ተጠቅጥቆ ሲቆምበት ነው፣ በአንድ ካሬ ሜትር 500 ኪሎ ያዙ። 18 ሜትር በ3 ሜትር 54 ካሬ ነው፣ ወደ 27 ቶን ይመጣል። ከሦስት የተጫነ አይሱዙ ኤንፒአር በላይ ማለት ነው። መቼ ይሞላል ትሉኛላችሁ። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ሁሉ ለማየት የሚቆመው የት ላይ ነው? እሱ ላይ ነዋ! ሰርግስ? የለንደኑ ሚሌኒየም ድልድይ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1992 ተከፍቶ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የተዘጋው፣ ሰው ሲራመድበት ወደ ጎን እየተወዛወዘ አስቸገረ፣ ተስተካክሎ እስኪከፈት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እነሱ ዝም ብለው ነው የተራመዱት። እኛ ሙሽራ አጅበን እየጨፈርን ነው የምናልፈው።

ሦስት_ጎማ
ረቡዕ ጠዋት 1፡33

27 ቶን ከቻለማ የኔ ባጃጅ ምን አላት?

ቀያሽ_ነበርኩ
ረቡዕ ጠዋት 1፡36

ድልድዩ ይችልሃል። የመጋላ እናትን የምትገጫት አንተ ነህ። መግቢያው ላይ የብረት ችካል ይተከላል፣ በችካሎቹ መሐል 1.2 ሜትር። ባጃጅ 1.3 ሜትር ነው። ዊልቸርም የእጅ ጋሪም ያልፋል፣ አንተ አታልፍም። በግል አትያዘው።

ሦስት_ጎማ
ረቡዕ ጠዋት 1፡38

10 ሳንቲ ሜትር ለዘመድ አትቀንስም? እሺ በቃ። ግን በሁለቱም ጫፍ ለእኛ ማቆሚያ ይሠራ፣ ሳንቡሳ ጋ መንገድ ዘግተን ከመቆም ያድነናል።

ጋሪ_ገፊ
ረቡዕ ቀን 5፡00

ስለ ጋሪ ያነሳኸው ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። እኛን የሚያስታውስ የለም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አሮጌዋን መቼ ነው የምታነሷት? አዲሱ ሳይቆም በሐምሌ ካነሳችኋት እኔ በየት እሻገራለሁ?

ብየዳ_ቤት
ረቡዕ ቀን 5፡20

ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። በልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያስፈራል፣ ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴን ይዞ መስከረምን ይነካል። አሸዋው ውስጥ ገብቶ መሠረት መቆፈር የሚቻለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። አዲሱ ከጎኗ ይሠራ፣ አሮጌዋ እስከዚያ ትቁም። ካነሷት በኋላ ብረቷን ለእኔ ይስጡኝ፣ ያልተከፈለኝን እናቻችላለን።

ደቻቱ_ዳር
ሐሙስ ማታ 3፡00

ሁሉንም አትሜያለሁ፣ 11 ገጽ ሆነ። ሳንቡሳ የምትጠብሰዋን ልጅ ዛሬ አግኝቻት ነበር፣ ስም ስለማውጣቱ ነገርኳት። ሳቀችና "ስሙን ውሰዱት፣ ቦታዬን ግን እንዳትወስዱ" አለችኝ። ሄጄ አየሁት፣ ቀያሽ ያለው የመጋላው መታጠፊያ በትክክል የሚያርፈው ምጣዷ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ይህን ያየ የለም፣ እኔም አላየሁም።

ስለዚህ ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ እዚያው ተገናኝተን እንለካ። ተዳፋቱ በሌላ በኩል መታጠፍ ይችል እንደሆነ ማየት አለብን። የ50 ሜትር ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ። የስሙን ገጽ መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሰው እዚያ እስኪደርስ ይደክመዋል።

ቀያሽ_ነበርኩ
ሐሙስ ማታ 3፡12

ሜትሩ እኔ ጋ አለ። ኖራ የሚያመጣ ሰው እፈልጋለሁ፣ መሬቱ ላይ አስምረን እናሳያቸዋለን።

ጋሪ_ገፊ
ሐሙስ ማታ 3፡15

ኖራ እኔ አመጣለሁ። ጋሪዬንም አመጣለሁ፣ መታጠፊያው ላይ ይዞር እንደሆን በእውነተኛ ጋሪ ሞክሩት።

ፔዳል_ብቻ
ሐሙስ ማታ 3፡17

እኔም በሳይክል። ሽንኩርቱን ጭኜ።

ሦስት_ጎማ
ሐሙስ ማታ 3፡20

እኔ ለመታዘብ ብቻ። ቁርስ ሳንቡሳ የሚጋብዝ ካለ።